የተተረተረው ጓንት ይሰፋ ወይስ ይቅር?

ክርክሩን ያስነሳው አንድ ጥንድ የቦክስ ጓንት ነው። ቡናማ ነው፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ የግራው አውራ ጣት ስፌት ተተርትሯል፤ ከቀኙ ገበር ቀዳዳ ጥቁር የፈረስ ፀጉር ብቅ ብሏል። ባለቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ከሥራ መልስ ቡጢ የሚለማመድ ወጣት ነው። አንድ ቤተሰብ የሟች አባቱን ዕቃ ሲሸጥ አግኝቶ ገዛው። የወሰደው ደግሞ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በቆዳ ፋብሪካ ሠርተው፣ አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ጫማ፣ ቦርሳና ኮርቻ ሲጠግኑ ወደኖሩ አዛውንት ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ስንጥቁ ይደፈን፣ ቀለሙ ይታደስ፣ ውስጡ በስፖንጅ ይሞላ፣ ከዚያ ለብሶት ይለማመድበት።

"ጋሼ፣ ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?"

አዛውንቱ አልመለሱለትም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ፤ ጓንቱን አስቀመጡበት፤ መነጽራቸውን አደረጉ። የእጅ አንጓውን የሚሸፍነውን ክፍል በጣታቸው ጫፍ ዳበስ ሲያደርጉት ጨርቁ ላይ ቀላ ያለ ብናኝ ቀረ።

"አየኸው? ይህ አቧራ አይደለም። ቆዳው ራሱ ነው የሚረግፈው።"

"ደርቆ ነዋ! ቅባት ቢጠጣ አይመለስም?"

"ቅባት በየቀኑ ለምትጫማው ጫማ ነው፣ ልጄ። የዚህ በሽታ ሌላ ነው።" አዛውንቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ቆዳ በሁለት ዋና መንገድ ይለፋል። አንዱ ከዛፍ ልጣጭና ከቅጠል በሚገኝ ታኒን ነው፤ አባቶቻችንም የሚያውቁት እሱን ነው። ሌላው በክሮም ጨው ነው፤ እሱ ለገበያ የበቃው በ1884 ኒው ዮርክ ውስጥ የፈጠራ መብት ከወጣለት በኋላ ነው። በታኒን የለፋ ቆዳ የከሰል ጭስና የጋዝ መብራት የሚተፋውን ድኝ ከአየር ይጠጣል። ድኙ ውስጥ ገብቶ አሲድ ይሆንና የቆዳውን ጭረት ይበጣጥሰዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ማይክል ፋራዴይ በ1843 ለንደን ውስጥ አቴኒየም የሚባለው ክለብ የቆዳ ወንበሮች ሲበላሹበት ጥፋቱን የጋዝ መብራቱ ላይ አግኝቶታል። ይህ ጓንትም የኖረው ቤቱ ሁሉ በከሰል በሚሞቅበት ዘመን ነው።"

(እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወጣቱ ቅባቱን ገና አልተወም። በስልኩ አንድ አሮጌ ጓንት ቅባት ጠጥቶ ሲያብረቀርቅ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አወጣ። አዛውንቱ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዛሬ ያምራል። ዓመታት ሲያልፉ ቅባቱ ከአየር ጋር ይዋሃድና ይጠቁራል፤ ይጣበቃል፤ አቧራ ይሰበስባል። የኮርቻ ሳሙናም ቢሆን አይረዳውም። ቆዳ በባሕርይው ለአሲድ የቀረበ ነው፤ ሳሙና ደግሞ ተቃራኒው ነው። ውሃማ ጭራሽ አታስነካው፤ እንዲህ የሚረግፍ ቆዳ ውሃ ሲነካው ይጠቁርና ይደርቃል፤ አንዴ ከሆነ አይመለስም።"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉለት ነው?"

"ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የሚባል ዱቄት አለ። በአልኮል ይሟሟና በለስላሳ ብሩሽ ስስ ሆኖ ይቀባል። የሚረግፈውን ብናኝ ይዞ ያቆመዋል፤ አያብረቀርቅም። ገበሩ ሥር ስስ የጃፓን ወረቀት ይገባና ፀጉሩ እንዳይወጣ ይደግፈዋል። ብል ካለበት በፕላስቲክ ይታሸግና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆያል። በቃ።"

"በቃ? ያው ሊሆን ነዋ!"

"ያው ሆኖ ይቆያል።"

ወጣቱ ባዶ እጁን አልመጣም፤ አንብቧል። "ጋሼ፣ እርስዎ አይነካ ይላሉ። እስካሁን ከተገኙት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው የሮማውያን ጓንት ግን የተጠገነ ነው" አለና ስለ ቪንዶላንዳ ነገራቸው።

ቪንዶላንዳ በሰሜን እንግሊዝ፣ ከሃድሪያን ግንብ አጠገብ የሚገኝ የሮማውያን ጦር ሰፈር ነው። በ2017 አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ቆፍረው በ120 ዓ.ም. ገደማ የነበሩ ሁለት የቆዳ የቡጢ መከላከያዎችን አወጡ። አየር ያልደረሰበት እርጥብ መሬት እንዳሉ ጠብቋቸዋል። የዛሬውን ጓንት አይመስሉም፤ እጅ የሚሾልክባቸው፣ የጣቶችን አንጓ ብቻ የሚሸፍኑ የቆዳ ከረጢቶች ናቸው። ጥንድም አይደሉም። አነስ ያለው ውስጥ የተጠቀለለ ጠንካራ ቆዳ አለ፤ ተለቅ ያለው ምት እንዲያለዝብ ለስላሳ ነገር ተጠቅጥቆበታል። ይህ ትልቁ በሚመታበት ጠርዝ ክፉኛ አልቋል፤ ተቀዶም ስለነበር በክብ ቁራጭ ቆዳ ተለጥፏል። የለባሹ የጣት አንጓዎች የተዉት ቅርፅ ዛሬም ውስጡ ይታያል።

"እንግዲህ ያ ወታደር ሲቀደድበት ለጠፈበት። እኔ የምለጥፈው ለምን ይከለከላል?"

አዛውንቱ ፈገግ አሉ። "ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፤ አሁን እኔው ልጠቀምበት። ያንን ቁራጭ ማን ለጠፈው?"

"የለበሰው ሰው፣ ወይም የሰፈሩ ቆዳ ሰፊ።"

"ለምን?"

"በማግስቱ ሊለማመድበት።"

"ስለዚህ ያ ቁራጭ የጓንቱ ታሪክ ነው፤ የድካሙ፣ የላቡ፣ የድህነቱም ምስክር ነው። ዛሬ አንድ ባለሙያ ቁራጩ አያምርም ብሎ አንሥቶ፣ ቀዳዳውን አሳምሮ ቢሰፋውስ?"

"ያበላሸዋል።"

"እሱን ነው የምልህ።"

ወጣቱ ግን አሁንም አልለቀቀም። "የሮማውያኑ የ1900 ዓመት ዕቃ ነው። የቅርብ ጊዜ ጓንት የስፖርት ዕቃ ነው፤ ሲቀደድ ይሰፋል።"

አዛውንቱ ወደ 1963 ወሰዱት። ሰኔ 18 ቀን፣ ለንደን፣ ዌምብሌይ። በኋላ መሐመድ አሊ የተባለው ካሲየስ ክሌይ ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ኩፐር ጋር ይጋጠማል። አራተኛው ዙር ሊያበቃ ሲል የኩፐር ግራ እጅ አገጩን አግኝቶ ክሌይን ገመዱ ላይ ጣለው። ደወሉ አዳነው። ማዕዘኑ ላይ አሠልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ የክሌይ ጓንት ስፌት መተርተሩን ለዳኛው አሳየ፤ ቀዳዳውንም በጣቱ እንዳሰፋው ራሱ በኋላ ተናግሯል። ለዓመታት ሲወራ ዕረፍቱ ብዙ ደቂቃ ተራዝሟል ይባል ነበር፤ ፊልሙ ሲለካ ግን የተጨመረው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ክሌይ ትንፋሹን ሰብስቦ ተነሣ፤ በአምስተኛው ዙር የኩፐር ዓይን አካባቢ ክፉኛ ስለተሰነጠቀ ውጊያው ቆመ፤ ክሌይ አሸነፈ።

"ያ ጓንት እጅህ ቢገባ ትሰፋዋለህ?"

"አልሰፋውም።" ወጣቱ ሳቀ። "ቀዳዳው ነዋ ዋናው!"

"ሌላ ልንገርህ። የኩዊንስቤሪ ደንብ የታተመው በ1867 ነው። ጓንት ከተቀደደ ወይም ከወለቀ ዳኛው እስኪረካ ድረስ ይተካ ይላል። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ ዌምብሌይ ላይ ተቀያሪ ጓንት አልነበረም። ይህን ሁሉ የሚያስታውስህ አንድ የተተረተረ ስፌት ነው።"

ከዚያ የከፋውን ነገሩት። ሰኔ 16 ቀን 1983፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ተሸንፎ የማያውቀው ቢሊ ኮሊንስ ጁኒየር ከሉዊስ ሬስቶ ጋር አሥር ዙር ተጋጠመ። ፊቱ እስኪበላሽ ተመታ። ውጊያው ሲያበቃ የኮሊንስ አባት የሬስቶን እጅ ሊጨብጡ ሄደው ጓንቱ ስስ መሆኑን በመዳፋቸው ለዩ፤ ጮኹ። ጓንቱ ቦክስን በሚቆጣጠረው ኮሚሽን ተያዘ፤ ሲመረመር ከውስጡ ማለዘቢያው መውጣቱ ታወቀ። ውጤቱ ተሰረዘ። በ1986 ሬስቶና አሠልጣኙ ፓናማ ሉዊስ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ኮሊንስ ግን ዓይኑ ተጎድቶ ዳግም ሪንግ አልወጣም፤ ከውጊያው በማግስቱ ዓመት፣ በ1984፣ በመኪና አደጋ ሞተ።

"ፍርድ ቤት የቆመው ምስክር ጓንቱ ነው" አሉ አዛውንቱ። "በዚያች ሌሊት አንድ ሰው ቶሎ ብሎ ፀጉር መልሶ ቢሞላበት ኖሮ እውነቱ ተቀብሮ ይቀር ነበር። አንተ ደግሞ ውስጡን አውጥተህ ስፖንጅ ሙላልኝ ትለኛለህ።"

ወጣቱ ዝም አለ፤ ከዚያ ግን ቀላል የማይባል መልስ ሰጠ። "ጋሼ፣ እነዚህ የታወቁ ሰዎች ጓንቶች ናቸው። አሊ ከሊስተን ጋር በ1964 የተጋጠመበት ጓንት በ2014 ጨረታ ላይ 836,500 ዶላር ወጥቶለታል። የኔ የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።"

"እስቲ እንጠይቀው" አሉ አዛውንቱ።

መጀመሪያ መለያውን በማጉያ መነጽር አዩ። የኒው ዮርክ አድራሻ አለው፤ ከከተማው ስም ቀጥሎ ባለሁለት አኃዝ ቁጥር ይታያል፤ ባለአምስት አኃዝ ግን የለም። አሜሪካ ባለሁለት አኃዙን የፖስታ ቀጠና ቁጥር የጀመረችው በ1943፣ ባለአምስቱን በ1963 ነው። መለያው በዚህ መካከል ታትሟል ማለት ነው። ቀጥለው ጓንቱን በየተራ ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ የቀኙ ከግራው ቀለለ፤ ፀጉሩ በቀዳዳው ሲወጣ ኖሯል። በመጨረሻ መብራት አጥፍተው ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ አበሩ። አብዛኛው ስፌት ጨለም ብሎ ቀረ። የግራው አውራ ጣት ሥር ግን ሁለት ጣት የሚያህል ስፌት ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ በራ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሌላ ክር ነው። ክርና ጨርቅ ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል መጨመር የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ በዚህ ብርሃን የሚበራው እሱ ነው። የፋብሪካው ክር አይበራም። ስለዚህ አንድ ሰው ጓንቱ ከተሠራ በኋላ እዚህ ጋ በእጁ ሰፍቶታል። እርምጃው እኩል አይደለም፤ ቸኩሏል፤ ወይም ወስፌ አልነበረውም። አሁን የተተረተረው ደግሞ ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ሰው በአውራ ጣቱ በኩል እየሳተ ይመታ ነበር።"

ወጣቱ ባትሪውን ተቀብሎ ያቺን የምትበራ ስፌት ደጋግሞ አያት። ያ ስሙ የማይታወቅ ሰው ከቪንዶላንዳው ወታደር ጋር አንድ ሥራ ሠርቷል፤ ሲተረተርበት ጠግኖ ወደ ልምምዱ ተመልሷል። ወጣቱ ይዞት በመጣው ዕቅድ ቢሠራ ይህች ክር መጀመሪያ ተነቅላ የምትጣለው ነበረች።

"እሺ፣ ይህኛው ይቆይ" አለ። "ነገር ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ሁሉም ሰው እንዲህ እያለ ካስቀመጠ፣ በፈረስ ፀጉር ጓንት መሙላት የሚያውቅ ማን ይቀራል? ሙዚየም ዕቃውን ያቆያል፤ እጁን ግን አያቆይም። እኔ አሊ ያጠለቀው ዓይነት ጓንት ምን እንደሚመስል በእጄ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

እዚህ ላይ ወጣቱ እውነቱን ነው። ሙያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይኖርም። የፈረስ ፀጉር ሞልቶ ጓንት መሥራት እንደ ሜክሲኮው ክሌቶ ሬየስ ባሉ ጥቂት ቤቶች ዛሬም አለ፤ ገበያውን የያዘው ግን ስፖንጅ ነው። አሮጌውን ማቆየትና አሮጌውን አስመስሎ አዲስ መሥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ጥፋት የሚመጣው አንዱ ዕቃ ላይ ሁለቱን ለመሥራት ሲሞከር ነው። አዛውንቱም አልተከራከሩም። ይልቅ ፊታቸው በራ።

"እንግዲያው አዲስ እንሥራልህ።"

"ይህንን ፈትተን ልኩን እንወስዳለን?"

"አንፈታም! ከላዩ በመለኪያ ሜትር እየለካን፣ በስስ ወረቀት እየነደፍን እናወጣዋለን። በቆዳ ከመቁረጣችን በፊት በአቡጀዲ እንሰፋዋለን። አቡጀዲው እጅህ ላይ ካልተቀመጠ ቆዳውም አይቀመጥም። በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት የመርፌ ምት እንዳለ ቆጥረን ያንኑ እንከተላለን። የቦክስ ጓንት ተገልብጦ ነው የሚሰፋው፤ ስፌቱ አልቆ ወደ ቀኙ ሲመለስ ነው ፈተናው፤ በተለይ አውራ ጣቱ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ነው።"

"ቆዳውስ? የኛ አገር በግ አይሆንም?"

"የኛ በግ ለጓንት ዓለም የሚያውቀው ነው፤ ስስና ጠንካራ ስለሆነ የጎልፍ ጓንት ይሠራበታል። ፒታርድስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለዓመታት ከእኛ ገዝቷል፤ ኤጀርሳ ላይም ፋብሪካ ይዞ ነበር። ቡጢ ግን ሌላ ነው፤ ቆዳው በየቀኑ ይወገራል። የከብት ወይም የፍየል እንይዛለን።"

ስለ ፀጉሩ ሲነሳ አዛውንቱ ረዘም አደረጉ፤ የሙያው ሆድ ዕቃ እዚያ ነውና። ቀጥ ያለ ፀጉር አይሆንም፤ ሲመቱበት ተኝቶ ይቀራል። ጭራና ጋማው ይታጠብና እንደ ገመድ ይገመዳል፤ ይፈላል፤ ተገምዶ እያለ ይደርቃል። ሲፈታ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ያ ጥቅልል ነው ምቱን የሚቀበለው። ወንበር የሚያለብሱ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ጓንት ውስጥ ሲገባ ትንሽ በትንሽ፣ በጣት እየተጠቀጠቀ ነው፤ የጣት አንጓው ላይ ጥቅጥቅ፣ ወደ እጅ አንጓው ሲወርድ ሳሳ ያለ። አንድ ቦታ ከተጓጎለ እዚያ ድንጋይ ይሆናል፤ ጎኑ ደግሞ ባዶ ይቀራል።

"አሮጌውን ፀጉር አጥበን ብንጠቀምበትስ?"

"አይሆንም። ከዕድሜው በላይ የጤና ነገርም አለው። ያልፈላ የፈረስ ፀጉር አባ ሰንጋ ሊይዝ ይችላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተበከለ ፀጉር በተሠራ የጢም መላጫ ብሩሽ ብዙ ወታደር ታሟል። ጓንቱን ምግብ በምታበስልበት ጠረጴዛ ላይ እንዳትከፍተው፤ ስትነካውም አፍና አፍንጫህን ሸፍን።"

ክብደቱ ላይ ትንሽ ተከራከሩ። ወጣቱ የድሮ ጓንት ትንሽ መሆን አለበት ባይ ነው፤ ጆን ኤል. ሱሊቫንና ጄምስ ኮርቤት በ1892 ኒው ኦርሊንስ ላይ ሲጋጠሙ ያጠለቁት 5 ኦንስ፣ 142 ግራም ግድም ነበር። አዛውንቱ እምቢ አሉ። "ያንተን ጓንት ነው የምንከተለው፤ ሚዛኑ ወደ 8 ኦንስ፣ 227 ግራም ይጠጋል። ለከረጢት መምቻ ይሁንህ። ከሰው ጋር ስትጋጠም ያንተን ዘመናዊ 16 ኦንስ አድርግ። ፀጉር ሲያረጅ ሳታውቀው ይሳሳል፤ የኮሊንስን ነገር አንርሳ።"

"መለያስ? የድሮውን የሚመስል አሳትሜ ብሰፋበት?"

አዛውንቱ እዚህ ላይ ድምፃቸው ጠነከረ። "አይደረግም። አንተ ሐቀኛ ነህ፤ ካንተ የሚገዛው ሰው ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ኤፍ.ቢ.አይ. በ1990ዎቹ ኦፕሬሽን ቡልፔን ብሎ ያሳደደው ሐሰተኛ የስፖርት ቅርስ የሚሠሩትን ነበር፤ ገበያው በውሸት ፊርማ ተጥለቅልቆ። ገበሩ ላይ፣ እጅህ በሚገባበት፣ ዓመቱንና የሠራውን ሰው ስም በማይለቅ ቀለም እንጽፋለን። በወረቀት ጽፎ መለጠፍ አይሆንም፤ ወረቀት ይነሳል።"

ወጣቱ ተስማማ። አሮጌው ጓንት ብናኙ እስኪያዝ አዛውንቱ ዘንድ ቀረ፤ ከዚያ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ሣጥን ውስጥ፣ ከፀሐይና ከማሞቂያ ርቆ ይቀመጣል። የግራው አውራ ጣት አይሰፋም። ለአዲሱ ደግሞ ወጣቱ ራሱ መርፌ ሊይዝ ቀጠሮ ተሰጥቶታል፤ የአዛውንቱ ቅድመ ሁኔታ ይህ ነበር፤ እሱን ያሠሩታል እንጂ ሠርተው አይሰጡትም።

አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ፣ በክለብ መጋዘን ወይም በአባት ሣጥን ውስጥ አሮጌ የቦክስ ጓንት ያላችሁ፣ ቅባትና ቀለም ከማንሣታችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አንሡት፤ መለያውን ገልብጡ፤ ማን እንደለበሰው የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁና ጽፋችሁ ከጓንቱ ጋር አስቀምጡ።